«ሲያልቅ ጥሩኝ»፦ በዋርድ ውስጥ ሥራ ለማን ይሰጣል?

ሆስፒታል ተኝቶ ያየ ወይም ሰው ያስታመመ ሁሉ ይህችን አባባል ያውቃታል። ነርሷ ግሉኮሱን ትሰቅላለች፣ ጠብታውን ታስተካክላለች፣ ከዚያ ወደ አስታማሚው ዞር ብላ «ሲያልቅ ጥሩኝ» ትላለች። ትሄዳለች። አስታማሚው ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ዓይኑን ከከረጢቱ አይነቅልም። እንቅልፍ እየጣለው ጠብታ ሲቆጥር ያድራል።

እኔም በሜዲካል ዋርድ በሠራሁባቸው ዓመታት ይህን ስንት ጊዜ እንዳልኩ አላውቅም። በአንድ ዲዩቲ አሥር ጊዜ ብል አላጋነንኩም። ያኔ የማደርገው ነገር በሙያው ስም እንዳለው ትዝ ብሎኝ አያውቅም። ስሙ ዴሊጌሽን ነው። ለእኔ የተሰጠኝን ሥራ ለሌላ ሰው እያስተላለፍኩ ነበር። ያ ሌላ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከገጠር የመጡ፣ ልጃቸው ታሞባቸው አልጋው ሥር ጋቢ አንጥፈው የሚያድሩ እናት ነበሩ።

ነገሩን መለስ ብዬ እንዳስብበት ያደረገችኝ አንዲት የድሮ ባልደረባዬ ናት። አሁን የምትኖረው ሜሪላንድ ነው። እዚያ እንዳሉ ብዙ ሐበሾች በሲኤንኤነት፣ ማለትም በነርስ ረዳትነት ነው የጀመረችው፣ በአረጋውያን መጦሪያ። አሁን ኤንክሌክስ የሚባለውን የነርሶች የሥራ ፈቃድ ፈተና ልትወስድ እያጠናች ነው። አንድ ቀን ደወለችልኝ። «መድኃኒቱን አውቀዋለሁ፣ በሽታውንም አውቀዋለሁ» አለችኝ። «የሚያስቸግረኝ ‹ከእነዚህ አራት ታካሚዎች ማንን ቀድመሽ ታያለሽ? የትኛውን ሥራስ ለረዳቷ ትሰጫለሽ?› የሚለው ጥያቄ ነው። እኛ አገር ለማን እንሰጥ ነበር?»

መልሱን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ለአስታማሚ።

በዚያ ፈተና ውስጥ ከሁሉም ትልቁን ድርሻ የያዘው ይህ የእንክብካቤ አመራር የሚባለው ክፍል ነው። ምክንያት አለው። አሜሪካ ውስጥ የአልጋ አጠገብ ሥራ በሦስት እርከን የተከፈለ ነው። ከላይ የተመዘገበች ነርስ አለች፣ አርኤን የሚሏት። ከእሷ ሥር አጠር ያለ ሥልጠና የወሰደች ነርስ አለች፣ ኤልፒኤን የሚሏት። ከዚያ ሲኤንኤ ትመጣለች። በአረጋውያን መጦሪያ ለሚሠሩ ሲኤንኤዎች በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣው የፌዴራል ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ያዛል። ሲኤንኤ ታካሚ ታጥባለች፣ ታገላብጣለች፣ ታበላለች፣ የተረጋጋ ታካሚ ሙቀትና የደም ግፊት ትለካለች። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ የምትወስነው ግን ነርሷ ናት። የታካሚውን ሁኔታ መመርመር፣ የእንክብካቤ ዕቅድ ማውጣት፣ ታካሚውን ማስተማር፣ ውጤቱን መመዘን ለረዳት አይሰጥም። ማሰቡ የነርሷ ነው።

የአሜሪካ የነርሲንግ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አምስት መለኪያ አስቀምጧል። ሥራ ስታስተላልፊ ሥራው ትክክለኛ ይሁን። ሁኔታው ትክክለኛ ይሁን። ሰውየው ትክክለኛ ይሁን። መመሪያው ትክክለኛ ይሁን። ክትትሉም ትክክለኛ ይሁን። እነዚህን አምስቱን የአሜሪካ ነርስ ተማሪ በቃሉ ይወጣቸዋል።

እስቲ «ሲያልቅ ጥሩኝ»ን በእነዚህ እንመዝናት። ሥራው ምንድን ነው? ከረጢት ማየት ይመስላል። እውነቱ ግን አንድ ሊትር ፈሳሽ በ8 ሰዓት እንዲገባ ታዝዟል እንበል። በአንድ ሚሊ ሊትር 20 ጠብታ በሚያወርድ ቱቦ ይህ በደቂቃ 42 ጠብታ ገደማ ነው። ታካሚው እጁን ሲያጥፍ ጠብታው ይቆማል። ሲዘረጋ ይፈጥናል። ልቡ ወይም ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ያ ሊትር በሁለት ሰዓት ቢገባ ሳንባው ውኃ ሊቋጥር ይችላል። አስታማሚዋ ይህን ያውቃሉ? ነግረናቸዋል? የነገርናቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ሲያልቅ። ስለዚህ እስኪያልቅ ይጠብቃሉ። እጁ ሲያብጥም ይጠብቃሉ። ትንፋሹ ሲያጥርም «ገና አላለቀም» ብለው ይጠብቃሉ። ያልነውን ነው ያደረጉት። ክትትሉስ? እነሱ ካልጠሩን አንመለስም።

ከአምስቱ አንዱም አልተሟላም ማለት ነው። ይህን የምጽፈው ጓደኞቼን ለመክሰስ አይደለም። እኔ በነበርኩበት ዋርድ ሌሊት ሁለት ሆነን ከ30 በላይ ታካሚ ይዘን እናድር ነበር። በዚያ ሰዓት አስታማሚ ባይኖር የምንይዘው የምንጨብጠው አይኖረንም። የአገራችን ሆስፒታል በአስታማሚ ትከሻ ላይ ነው የቆመው ብል ማንም ነርስ የሚከራከረኝ አይመስለኝም። በቱቦ የሚመገብን ሰው ሾርባውን የሚሰጡት እነሱ ናቸው። የሽንት ከረጢት ይደፋሉ። ሽባ የሆነውን ያገላብጣሉ። ኦክስጅን ሲወልቅ ይመልሳሉ። ናሙና ይዘው ላቦራቶሪ ይሮጣሉ፣ መድኃኒት ፍለጋ ከተማ ያዳርሳሉ። ይህ ሁሉ የትም አልተጻፈም። ቻርቱ ላይ የነርሷ ፊርማ ብቻ ነው ያለው።

በቱቦ መመገብን ለአብነት ልውሰድ። ከአፍንጫ እስከ ጨጓራ የገባ ቱቦ ቦታውን ሊለቅ ይችላል። ስለዚህ ከምግቡ በፊት ቦታው ይረጋገጣል። የታካሚው ራስ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና ይላል፣ ከምግቡ በኋላም እንዲሁ ይቆያል። ይህ ካልሆነ ምግቡ ሳንባ ይገባል። ስትሮክ ታሞ ከስትሮኩ ያገገመ ሰው በሳንባ ምች ሲሞት አይቻለሁ። ሾርባውን የሰጡት ሚስቱ ናቸው። ቀና አድርገው መያዝ እንዳለባቸው በወጉ ያስረዳቸው ሰው አልነበረም። ሴትየዋ እስከ ዛሬ በእጄ ነው የገደልኩት ብለው ያስቡ ይሆን? ይህ ጥያቄ ከልቤ አይወጣም። ሥራውን ሰጥተናቸው እውቀቱን ግን ይዘነው ቀረን።

ባለጸጋ አገርም ቢሆን ከዚህ ነፃ አይደለም። እንግሊዝ ውስጥ የስታፎርድ ሆስፒታል ጉዳይ በይፋ ተመርምሮ ሪፖርቱ በ2013 እ.ኤ.አ. ሲታተም ታካሚዎች ሳይበሉ ሳይጠጡ፣ አልጋቸው ሳይቀየር የቆዩበት ሁኔታ ወጣ። አንዱ ምክንያት የነርሶች ማነስ ነበር። በዚያው ዓመት የካቨንዲሽ ሪፖርት የነርስ ረዳቶችን ጉዳይ አየ። የታየው ችግር ረዳቶቹ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የሚያልፉበት ወጥ የሆነ ዝቅተኛ የሥልጠና መስፈርት አለመኖሩ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ 15 መስፈርቶች ያሉት የእንክብካቤ ሰርተፊኬት ተጀመረ። እነሱ ያሠለጠኑት በደመወዝ የተቀጠረውን ረዳት ነው። የእኛ ረዳት ግን በበሬ ሽያጭ ገንዘብ ከገጠር የመጣ ዘመድ ነው።

አሁን ወደ ሌላው ጉዳይ ልሂድ፣ ታካሚን ለነርስ መመደብ። በብዙ ዋርዶች ምደባ በአልጋ ቁጥር ነው። «ከ1 እስከ 8 ላንቺ፣ ከ9 እስከ 16 ላንተ።» ፍትሐዊ ይመስላል። ስምንት ስምንት ነው፣ ማን ቅር ይለዋል?

ግን አልጋዎቹን ዞር ብለን እንያቸው። አልጋ 3 ላይ የስኳር ሕመምተኛ አለ፣ ኬቶአሲዶሲስ፣ ማለትም በኢንሱሊን እጥረት ደሙ ውስጥ አሲድ የበዛበት። ኢንሱሊን ላይ ስለሆነ ስኳሩ በየሰዓቱ ይለካል። አልጋ 4 ስትሮክ ነው፣ በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል። አልጋ 5 ደም ሊሰጠው ነው። ደም ሲጀመር የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ነርስ ከአጠገቡ አትነሳም፣ ከባድ ምላሽ የሚመጣው ያኔ ነውና። አልጋ 6 የልብ ድካም ያለባቸው እናት ናቸው፣ ሌሊት ትንፋሽ አጥሯቸዋል። በሌላው ወገን ደግሞ ሦስቱ ዛሬ ይወጣሉ። ሁለቱ የአልትራሳውንድ ወረፋ ይጠብቃሉ። የቀሩት በሚዋጥ መድኃኒት ላይ ናቸው። ቁጥሩ እኩል ነው። ሥራው ግን በአንዷ ላይ ተራራ ሆኗል። አልጋ 5 ላይ ደሙ ሲጀመር አልጋ 3 ስኳር የሚለካበት ሰዓት ይደርሳል። ሴትየዋ ደግሞ «ትንፋሼ» እያሉ ነው። ልጅቷ ሦስት ቦታ ልትሆን አትችልም።

ምደባ እንግዲህ የሰው ቁጥር ማካፈል አይደለም። የሕመሙ ክብደት ይታያል። የነርሷ ልምድ ይታያል፣ ገና የተመረቀች ልጅ ሌሊቱን ሲንገዳገድ ያደረን ታካሚ ብቻዋን አትይዝም። የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ የያዘች ነርስ በኬሞቴራፒ ምክንያት መከላከያው የወረደን ታካሚ አብራ ባትይዝ ይመረጣል። ትናንት የያዘችውን ሰው ዛሬም ብትይዘው ፊቱ መለወጡን ታውቃለች።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ በየትኛውም የውጭ መማሪያ የማናገኘው። አስታማሚ የሌለው ታካሚ። መንገድ ላይ ወድቆ የመጣ ሰው አለ። ከሩቅ ክፍለ ሀገር ብቻዋን የመጣች የቤት ሠራተኛ አለች። ከአረብ አገር በሕመም ተመልሳ ቤተሰቧ ያልደረሰላት ልጅ አለች። ለእነዚህ ሰዎች «ሲያልቅ ጥሩኝ» የሚባል ሰው የለም። ውኃ የሚያቀብላቸው የጎረቤት አልጋ አስታማሚ ነው። በእኔ ሚዛን አስታማሚ የሌለው ታካሚ በምደባ ላይ እንደ ሁለት ሰው መቆጠር አለበት። አልጋው ራስጌ ላይ ምልክት ይደረግ፣ በተረኞች ርክክብ ላይ መጀመሪያ ስሙ ይጠራ። ይህን ለማድረግ በጀት አያስፈልግም።

ሌላም አለ። ብዙ ቦታ ሥራው በታካሚ ሳይሆን በተግባር ይከፋፈላል። አንዷ መድኃኒት ትሰጣለች። አንዱ ቫይታል ሳይን፣ ማለትም ሙቀት፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምትና ትንፋሽ ይለካል። አንዷ ቁስል ታጥባለች። ሰው ሲያንስ ይህ ፈጣን ነው፣ አልክድም። ግን ታካሚውን ማንም ሙሉ ሰው አድርጎ አያየውም። አንድ ሰውዬ አልረሳም። የደም ግፊታቸው ጠዋት 110 ነበር፣ ላይኛው ቁጥር። ቀጥሎ 100። ማታ 90። ሌሊት 80። አራቱን ቁጥር የጻፉት አራት እጆች ናቸው፣ አንዱ የእኔ ነው። እያንዳንዳችን ለክተን፣ ጽፈን አለፍን። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ያየ አልነበረም። ሰውየው ከጨጓራ ቁስል ደም እየፈሰሳቸው ነበር። ጠዋት ራውንድ ላይ ተደረሰባቸው፣ ተረፉ። የእኔ ታካሚ ቢባሉ ኖሮ ማታ ላይ እነቃ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቁጥርም ዝም ብሎ ነገር አይደለም። በ2002 እ.ኤ.አ. ሊንዳ ኤይከንና ባልደረቦቿ በፔንስልቬንያ 168 ሆስፒታሎች ላይ ያደረጉት ጥናት ታትሞ ወጣ። ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን ሰዎች ነው ያዩት። በአንዲት ነርስ ላይ አንድ ታካሚ በተጨመረ ቁጥር ታካሚው በ30 ቀን ውስጥ የመሞት ዕድሉ በ7 በመቶ ይጨምራል። ከአራት ወደ ስምንት ሲደርስ ጭማሪው 31 በመቶ ነው። ካሊፎርኒያ ደግሞ በ1999 እ.ኤ.አ. ሕግ አውጥታ ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ አዋለችው። በጽኑ ሕሙማን ክፍል አንዲት ነርስ ከሁለት ታካሚ በላይ አትይዝም። በሜዲካልና በቀዶ ሕክምና ዋርድ ከ2005 ጀምሮ ጣሪያው አምስት ነው።

አምስት። ይህን ለባልደረቦቼ ስነግራቸው ዝም ይላሉ። የእኛ ሁኔታ ሌላ ነው፣ የመዳን ዕድልን የሚወስኑ ብዙ ሌሎች ነገሮች አሉብን። ሆኖም አቅጣጫው እዚህም ያው እንደሚሆን አልጠራጠርም። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በሥራ ሁኔታ የተነሳ ሥራ እስከ ማቆም ሲደርሱ ጥያቄው የኪስ ብቻ አልነበረም። የደከመና የተራበ ሰው አልጋ አጠገብ ቆሞ ማሰብ ይከብደዋል። ስለ ምደባና ስለ ሥራ ክፍፍል የምለው ሁሉ ነርስ መቅጠርንና በአግባቡ መክፈልን አይተካም። አንዳንድ ኃላፊዎች «በአመራር ይስተካከላል» እያሉ የሰው እጥረቱን ሲሸፍኑበት አይቻለሁ። እኔ እንደዚያ አልልም።

ይልቅ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ሥራን በወጉ ማስተላለፍ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ2003 እ.ኤ.አ. የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠለጠኑ። የሚሠሩት በ16 ፓኬጅ ተዘርዝሮ ተሰጣቸው። ከጤና ጣቢያ የሚከታተላቸው ተመደበላቸው። በ2010 እ.ኤ.አ. ፖሊሲው ተለውጦ የሕፃናት ሳንባ ምችን በፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እንዲያክሙ ተፈቀደላቸው። ትንፋሽ በደቂቃ ቆጥረው፣ በሰንጠረዡ አይተው ይወስናሉ። ከዚህ ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ይልካሉ። አምስቱም መለኪያ እዚህ ውስጥ አለ፦ ሥራው፣ ሁኔታው፣ ሰውየው፣ መመሪያው፣ ክትትሉ። ቀበሌ ላይ የቻልነውን ነገር ዋርድ ውስጥ ለምን አቃተን?

አንዱ መልስ ሄድ ነርስ፣ ማለትም የዋርዱ የነርሶች ኃላፊ ላይ ያርፋል ብዬ አስባለሁ። ሄድ ነርስ የሚሾመው ብዙውን ጊዜ በአገልግሎት ዘመኑ ነው፣ ወይም መርፌ ላይ እጁ ጎበዝ ስለሆነ። ሰው እንዴት እንደሚመደብ፣ ሥራ እንዴት እንደሚተላለፍ ያስተማረው የለም። ከተሾመ በኋላ ደግሞ ወረቀት ይውጠዋል። የአንሶላ መጠየቂያ፣ የመድኃኒት መጠየቂያ፣ ስብሰባ፣ ሪፖርት። ምደባው ሳምንቱን ሙሉ የማይለወጥ ወረቀት ሆኖ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ታካሚዎቹ ግን በየሰዓቱ ይለዋወጣሉ።

አንዲት ሄድ ነርስ ነበረችን፣ በጣም የማከብራት። ጠዋት ከርክክቡ በፊት ብቻዋን አልጋ ለአልጋ ትዞራለች። 15 ደቂቃ ነው የሚፈጅባት። ስትመለስ ሰሌዳው ላይ ያለውን ትሰርዝና እንደገና ትጽፋለች። «አልጋ 6 ዛሬ ከብደዋል፣ እሳቸውን ከያዝሽ አምስት ይበቃሻል። አንተ የሚወጡትን ስለያዝክ ዘጠኝ ያዝ፣ ሲወጡልህ እሷን አግዛት» ትላለች። ቀትር ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ ትዞርና ታስተካክላለች። አንዳንዱ ያጉረመርማል። እሷ ምክንያቷን በግልጽ ስለምትናገር ግን ማጉረምረሙ ቶሎ ይበርዳል። ስብሰባ አርፍዳ ትገባ ነበር፣ ለዚህ ተግሣጽ ደርሶባታል። እኔ ብጠየቅ የዋርዱ ከፍተኛ የሕክምና ውሳኔ የሚሰጠው በእነዚያ 15 ደቂቃዎች ነው እላለሁ። የነርሲንግ ትምህርት ቤቶቻችን ተማሪን ዋርድ ሲልኩ መርፌ ከማስወጋት ጎን ለጎን ሰሌዳ ፊት አቁመው «እነዚህን 16 ሰዎች ለሁለት ነርስ መድብ፣ ለምን እንደዚህ እንዳደረግክም ንገረኝ» ቢሉት እንዴት ደስ ባለኝ።

አስታማሚንም በተመለከተ አንድ ገጽ ወረቀት ይበቃል። ምን መሥራት ይችላሉ፣ ምን አይነኩም። ማጠብ፣ ማብላት፣ ማገላበጥ፣ ካሳየናቸው በኋላ። የግሉኮስ ጠብታ፣ የኦክስጅን መጠን፣ ደም፣ አይነኩም። በቱቦ መመገብ ነርስ ቆማ አሳይታ፣ እነሱ ፊቷ ሠርተው ካየች በኋላ ብቻ። ቻርቱ ላይም ማን እንዳስተማራቸው ይጻፍ። ቤት ሲመለሱም ያው ሰው ነው የሚያስታምመው፣ እውቀቱ አብሮ ይሄዳል። ማንበብ ለማይችሉ በሥዕል ይደረግ።

ባለፈው ሳምንት ከሜሪላንዷ ጓደኛዬ ጋር በስልክ «ሲያልቅ ጥሩኝ»ን እንዴት ብንለው ይሻል ነበር ብለን አብረን ሞከርን። እንዲህ ሆነ፦

«እማማ፣ ይህ ለልጅዎ የታዘዘ ፈሳሽ ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚገባው፣ ሌሊቱን ይቆያል። ማስተካከያውን አይንኩት። እጁ ካበጠ፣ ካመመው፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ትንፋሽ ካጠረው፣ ጠብታውም ከቆመ፣ ባያልቅም ቶሎ ይጥሩኝ። እዚያ ጥግ ጠረጴዛው ጋ ነኝ። ባይጠሩኝም በግማሽ ሰዓት መጥቼ አየዋለሁ። እስቲ መቼ መቼ እንደሚጠሩኝ ይንገሩኝ።»

በሰዓት ለካነው። ከእናትየው መልስ ጋር አንድ ደቂቃ አልሞላም። ግማሽ ሰዓቱ ሲደርስ ደግሞ ተነስቶ መሄድ ነው።